ሠላሳ ጊዜ የተመለሰው ልጅ

«ፕሮብሌም ቻይልድ» («አስቸጋሪ ልጅ») የተሰኘው አስቂኝ ፊልም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1990 አሜሪካ ውስጥ ለእይታ ሲበቃ ሐያስያን አንድ መልካም ቃል ነፈጉት። ወላጆች ግን ልጆቻቸውን ይዘው ሲኒማ ቤቶችን ሞሉ። በ10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተሠራ ፊልም በአሜሪካና በካናዳ ብቻ ከ50 ሚሊዮን በላይ አስገባ። ዳይሬክተሩ ማርቲን ስኮርሴዚ በዓመቱ ባወጣው «ኬፕ ፊር» በተባለ ፊልም ውስጥ ከእስር የወጣው ክፉ ሰው ሲኒማ ቤት ተቀምጦ፣ ሲጋራውን እያቦነነ፣ በሳቅ ሰውን የሚረብሸው ይህንኑ ፊልም እያየ ነው። በዚህ ፊልም የሚስቅ ሰው እንዲህ ያለ ነው የተባለ ያህል ነው፤ ይህን ፍርድ አልቀበለውም።

ምክንያቱም ሰሞኑን በእህቴ ቤት ሲታይ የሳቁትን ልጆች አውቃቸዋለሁ። የፊልሙ ባለታሪክ፣ ጁኒየር የተባለው የሰባት ዓመት ልጅ፣ በካምፕ እሳት ላይ ሲሸና መሬት ላይ ተንከባለሉ። እናቴ «ይህን ልጅ የሚቆነጥጥ ጠፋ?» እያለች ፊቷን አዞረች። ቀልዱ ባለጌ ነው፣ አልከራከርም። ልጆቹ ግን እኛ ያላየነውን አይተዋል፦ ጁኒየር አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠፋው ሲበደል ነው። ቤዝቦል ሜዳ ላይ ዱላውን የሚያነሣው እየሰደቡት ነው፤ የልደት ግብዣውን የሚያበላሸው ባለ ልደቷ ስላገለለችው ነው። ትልልቆቹ አጥፊ ሲያዩ ልጆቹ የተገፋ ልጅ አዩ።

እኔን ያስቆጣኝ ሌላ ነው። ጁኒየር በጉዲፈቻ እየተሰጠ ሠላሳ ጊዜ ወደ ማሳደጊያው ተመልሷል፤ ፊልሙም ይህን እንደ ቀልድ ያቀርበዋል። ከእህቴ ልጆች ትንሹ በጉዲፈቻ የመጣ ነው። እዚያ ላይ ሳቁን አቆመና «ልጅ ይመለሳል እንዴ?» ብሎ ጠየቃት። እህቴ ፊልሙን አቁማ «አይመለስም። አንተ የእኔ ነህ» አለችው። ከዚያ ቀጠልን።

በጊዜው የአሜሪካ የጉዲፈቻ ማኅበራት የተቃወሙት ይህንኑ ነበር፤ ቀልድ የማያውቁ ተደርገው ተቆጥረው ከሆነ በደል ነው። የታሪኩ መነሻ እኮ የጋዜጣ ወሬ ነው፦ በጉዲፈቻ የወሰዱት ልጅ ችግር ተደብቆብናል ብለው ወላጆች ድርጅቱን ከሰሱ። ጸሐፊዎቹ ስኮት አሌክሳንደርና ላሪ ካራዜውስኪ ያሰቡት ለአዋቂዎች የሚሆን መራራ ቀልድ ነበር፤ ስቱዲዮው ግን የልጆች ፊልም አደረገው። ለአዋቂ የታሰበውን ምፀት ልጅ እንደ እውነት ይሰማዋል። ከእኛም አገር በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት፣ በ2010 ዓ.ም. በሕግ እስኪከለከል ድረስ፣ አሜሪካን ጨምሮ ወደ ውጭ አገር ቤተሰቦች ሄደዋል። ከእነርሱ መካከል ይህን ፊልም በባዕድ ሳሎን ውስጥ ያየ ልጅ ይኖራል ብዬ አስባለሁ፤ ጥያቄውን ማን እንደመለሰለት አላውቅም።

ሐያስያኑ እንዲያዩት የምመኘው አንድ ቦታ አለ። ጆን ሪተር የሚጫወተው አሳዳጊ አባት ቤን ተስፋ ቆርጦ ሳለ የልጁን ሥዕሎች ያገኛል። የበደሉትን ሁሉ ጭራቅ አድርጎ ስሏቸዋል፤ ቤንን ግን ደግ ሰው አድርጎ ነው የሳለው። ቤን ልጁን ለማምጣት የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ፊልሙ በችኮላ አለፈው እንጂ፣ ለእኔ ያን ሁሉ ብልግና ታግሦ ለማየት የሚበቃ ምክንያት እሱ ነው። የእህቴ ልጆችም እዚያ ላይ ዝም ብለው ነበር፤ ማንም ዝም በሉ አላላቸውም።

እናቴ ዛሬም ለልጅ የሚታይ አይደለም ትላለች። እኔ ይታይ ባይ ነኝ፤ ግን እንደ እህቴ ፊልሙን አቁሞ የሚመልስ ሰው አጠገባቸው ይቀመጥ።