ከቱቱ ፈላ መልስ

ሀዋሳ፣ እሑድ ማታ

የእናቴ ሙት ዓመት ሊደርስ አንድ ወር ቀርቶታል። ታናሽ ወንድሜ የሐውልቱን ነገር በየቀኑ ያነሳል፤ እብነ በረዱ ምን ዓይነት ይሁን፣ ፎቶ ይለጠፍበት ወይስ ይቅር፣ ምን ይጻፍበት። መልስ አጥቼ ሰነበትኩ። ትናንት በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍሬ በዲላ በኩል ወደ ወናጎ ወረድኩ።

የቱቱ ፈላን ትክል ድንጋዮች በፎቶ አውቃቸው ነበር። ፎቶ ግን ድንጋዩን ነጥሎ ያሳያል እንጂ ወደ እሱ የሚወስደውን መንገድ አያሳይም። መንገዱ በእንሰትና በቡና መካከል ያልፋል፤ ከቡናው በላይ ዋንዛው ጥላውን ዘርግቷል፤ ከዛፎቹ ሥር ሰው ይኖራል፣ ያርሳል፣ ቡናውን ያሰጣል። መስከረም 2016 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ድንጋዮቹ ብቻ አይደሉም፤ ይህ ሁሉ በአንድነት ነው። ቦታው ላይ ስቆም ትክክል መሆኑ ገባኝ።

ድንጋዮቹ የቆሙበት ጉብታ መቃብር ነው፤ በቁፋሮ የሰው አጽም ተገኝቶበታል። አንዳንዶቹ ፊትና ክንድ አላቸው። ከእነዚህም መካከል መጀመሪያ በወንድ ብልት አምሳል ተጠርበው የቆሙ፣ ኋላ ላይ ፊት የተቀረጸባቸው አሉ። አንዱ ትውልድ ያቆመውን ሌላው ሳይጥል ሰው አደረገው! ይህን እያሰብኩ ብዙ ቆየሁ። አንዲት እናት የእንሰት ቅጠል ቆርጠው አነጠፉልኝና «ቁጭ በይ ልጄ፣ መሬቱ እርጥብ ነው» አሉኝ። ተቀመጥኩ፤ እንባዬም መጣ።

በዚያው በጌዴኦ ሳካሮ ሶዶ በሚባለው ስፍራ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ ድንጋይ ማቆም የተጀመረበትን ዘመን እስከ አንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ወደ ኋላ ወስዶታል። ድንጋዮቹ የተፈለጡባቸው ስፍራዎችም ተለይተዋል። እኔን የያዘኝ ይህ ነው። ከዚያ እስከዚህ ማን ተሸከመው? ስንት ትከሻ ተፈራረቀበት? ስም አልተጻፈበትም፤ ሟቹን ለመቅበር የመጣው ሰው ግን ክብደቱን በገዛ አካሉ አውቆታል።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ለወንድሜ ደወልኩ።

«ፎቶውን እንደ ፈለግህ አድርግ» አልኩት። «ድንጋዩን ግን ከመኪናው አውርደን እስከ መቃብሩ ድረስ እኛው እንሸከመው።»

«እኅቴ፣ ከባድ እኮ ነው» አለ።

«አጎቶቻችንንም ጥራቸው።»