ከጉና በኩል የተነሳው ደመና

ዛሬም ባሕር ዳር ጠዋቷ ጥርት ያለ ነበር። ክረምት ላይ ይሄ አያዘናጋ፤ መሬቱ ሲሞቅ ከጣና የሚነሳው ነፋስ እርጥበቱን ወደ ዳገቱ ይገፋዋል። ከ6 ሰዓት በኋላ ዓይን ከምሥራቅ፣ ከጉና ተራራ በኩል አይነቀል። የደመናው አናት እንደ አበባ ጎመን ጠርዙ የጠራ ከሆነ ገና እያደገ ነው፤ ተዘርግቶ ጭረት ጭረት ካለ በረዶ ሠርቷል፣ መብረቅ ይጠበቃል። የሳተላይት ምስል እዚህ ላይ ያታልላል፦ ዝናቡ ካባራ በኋላም የተዘረጋው አናት ነጭ ሆኖ ይቆያል።

ብልጭ ሲል ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንድ ቁጠሩ፤ ለ3 ሲካፈል ርቀቱን በኪሎ ሜትር ይሰጣችኋል። ከ30 ሰከንድ ካነሰ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ፎቶ ብሎ ነገር የለም! ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቡ፤ ዛፍ ሥርማ በጭራሽ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

ጀልባ ያላችሁ ደግሞ ሌሊቱን ፍሩ። ነፋሱ ተገላብጦ ከየብስ ወደ ሐይቁ ሲነፍስ ዝናቡም እዚያው ሐይቁ ላይ ይጠነክራል።