ጣና በጥቅምት

የጣና ደሴቶችን ለማየት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ለጥምቀት ሂድ» የሚል ነው። ጎንደርን አይቶ፣ በዚያው ወደ ባሕር ዳር ወርዶ ጀልባ መሳፈር። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ጥር ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱም ደረቅ ነው። ግን ሐይቁ መጉደል ከጀመረ ቆይቷል፣ አልጋ ማግኘት ጭንቅ ነው፣ የጀልባው ዋጋም የእንግዳውን ብዛት እያየ ይወጣል። እኔና ታላቅ እህቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት የሄድነው በጥቅምት አጋማሽ ነበር። ወሩን የመረጠችልን ዳንግላ ያለችው አክስታችን ናት፤ «ኑግ ሲያብብ ኑ» አለችን፣ ሌላ ማብራሪያ አልጨመረችም።

የአባይን በረሃ ተሻግረን ደጀን ላይ ስንወጣ ነገሩ ገባኝ። ጤፉ ዛላውን ደፍቶ ገና አረንጓዴ ነው፣ በመካከሉ ኑጉ ቢጫውን ዘርግቷል። ደብረ ማርቆስን አልፈን፣ ፍኖተ ሰላምን አልፈን ይኸው ነው። ያንኑ መንገድ በነሐሴም በመጋቢትም አውቀዋለሁ፤ በአንዱ ጭጋግና ጭቃ፣ በሌላው ገለባና አቧራ ነው።

ባሕር ዳር ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 12 ዲግሪ እንኳ አትሞላም፤ በካርታው ከሄድን ሐሩር ናት። ሐይቁ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠ ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይለዋወጥም። ሚያዝያና ግንቦት ይሞቃል፣ የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ጋቢ ያስፈልጋል፤ በቃ። ስለዚህ ወር የሚመረጠው በዝናቡና በውሃው ነው። ዝናቡ በአብዛኛው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይወርዳል። ግልገል አባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ የሰበሰቡትን ሁሉ ጣና ላይ ይደፋሉ፣ ሐይቁም በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ይሞላል። ከዚያ ቀስ እያለ ወርዶ ግንቦትና ሰኔ ላይ ከሁሉ ዝቅ ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 1.5 ሜትር ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ጣና ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 15 ሜትር ቢሆን ነው። ዳሩ ለጥ ያለ ስለሆነ ውሃው ትንሽ ሲሸሽ ብዙ መሬት ይገለጣል።

የደሴቶቹ ቁጥር ራሱ ከዚህ ጋር ይወጣል ይወርዳል። በተለምዶ 37 ይባላል። ጀምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዘመን ሲመጣ የአገሩ ሰው ሰው የሚኖርባቸው 45 ናቸው ብሎት፣ እሱ ግን ከ11 ገደማ እንደማይበልጡ ነው ያመነው። ውሃው በጣም የከዳበት ጊዜም አለ፤ በ1995 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ሐይቁ እጅግ ወርዶ የመርከብ ጉዞ እስከ መቆም ደርሶ ነበር።

ባለጀልባችን ጎልማሳ የባሕር ዳር ልጅ ነው። ከቁርስ በኋላ እንነሳ ስንለው ራሱን ነቀነቀ። «የለም ጋሼ፣ ጧት በ12 ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፤ እትዬ ይረበሻሉ።» እውነቱን ነበር። ጧት ሐይቁ ጸጥ ብሎ፣ ከዘጌ እንጨት የጫኑ የደንገል ታንኳዎች ወደ ገበያ ሲመጡ አገኘናቸው። ስምንት ሰዓት ላይ ስንመለስ ያው ውሃ ጀልባችንን እንደ ወንፊት ያንገዋልላት ነበር። ይህ ነፋስ በየትኛውም ወር አይቀርም፤ ክረምት ላይ ግን ዶፍና መብረቅ ይጨመርበታል።

ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም። እህቴን ጎረቤቱ ያለው እንጦስ ኢየሱስ፣ መነኮሳይያቱ ዘንድ አድርሰናት እኔ ወደ ክብራን ተሻገርኩ። ጀልባው ከድንጋዩ ጋር ገጠመና እንደ ደረጃ ረግጬ ወጣሁ። ግንቦት ላይ ቢሆን ጭቃና ድንጋይ እያማረጥን እንወርድ እንደነበር ባለጀልባው ነገረኝ። ስመለስ እህቴ ጠበል ጠጥታ፣ ዳቦ በልታ፣ ከእኔ የተሻለ ቀን አሳልፋ ቆየችኝ።

ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ለመድረስ በቡናው ጥላ ሥር ነው የሚኬደው። በዘጌ በሬ አይጠመድም፤ ቡናውና ጌሾው ከዱሩ ጋር አብሮ ይኖራል። ጥቅምት ላይ ፍሬው ገና ከአረንጓዴ ወደ ቀይ መዞር መጀመሩ ነው፤ ለቀማውን ማየት የፈለገ ኅዳርና ታኅሣሥን ይጠብቅ። ናርጋ ሥላሴ ሌላ ቀን ይፈልጋል፤ ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል፣ ስለዚህ ነፋሱ ሳይነሳ ካልወጡ አይታሰብም። እቴጌ ምንትዋብ ያሠራችው ነው፤ በሥዕሉ ላይ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ትታያለች። ለእኔ ከደሴቶቹ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል እሱን ነው።

ጥቅምትን የመረጥኩበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ወርኃ ጽጌ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቅዳሜ ማታ ማኅሌት ይቆማል፣ እስከ እሑድ ንጋት። እህቴ የጽጌን ጾም ስለምትጾም የቆሮሶ ዓሣው ጥብስ ለእኔ ብቻ ቀረ፤ አላጉረመረምኩም።

ጥቅምት የሚጎድለው ነገርም አለ። ከአውሮፓ የሚመጡት ኩርኪ የሚባሉት ረጃጅም ወፎች አልገቡም፤ እነሱን የሚወድ ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ይሂድ። ወንዞች በሚገቡበት አካባቢ ውሃው ገና ድፍርስ ነው። እምቦጩም ከክረምት በኋላ ይበረታል፤ የሚበዛው ግን በሰሜን ምሥራቁ ዳር ስለሆነ በጎጃም በኩል ብዙም አላጋጠመን።

ጢስ አባይን የሚያስብ ግን ከጥቅምት ባያሳልፍ ይሻለዋል። የሐይቁ መውጫ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ በጨራጨራ መቆጣጠሪያ ሥር ነው፤ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ብዙው ውሃ በጣና በለስ የኃይል ማመንጫ በኩል ይሄዳል። ስለዚህ በበጋ ፏፏቴው ከገደሉ ጥግ በቀጭኑ የሚወርድበት ቀን ይበዛል። እኛ ስንደርስ ገደሉን ሸፍኖ ይወርድ ነበር፣ ጢሱም ከሩቅ ልብሳችንን አረጠበው።

እህቴ ዛሬም አትስማማም። ለኡራ የካቲት 16፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት ነው መሄድ ያለበት ትላለች፤ ሕዝቡ ባለበት። ለዚያ የሚነሳ ማደሪያውንና ጀልባውን አስቀድሞ ይያዝ። በዚህ ዘመን ደግሞ በየትኛውም ወር ቢሆን፣ ከመነሳት በፊት ባሕር ዳር ላለ ሰው ደውሎ የመንገዱን ሰላም መጠየቅ ይቀድማል።