ዳቦው ዴን ሃግ፣ እኛ ለንደን

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችን ልደት በሰላም አደረሳችሁ! ዘንድሮ መልእክቴ ዘገየ። ሌላ ጊዜ ዋዜማውን ማታ፣ ቡና ተፈልቶ ሳለ ነበር የምጽፍላችሁ። ትናንት ማታ ግን ሰሜን ባሕር መሃል ነበርኩ፤ ስልኬም እንደ እኔ ማዕበል ላይ ነበር። አሁን እህቴ ሳሎን፣ ሶፋ ጥግ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ዶሮው ተበልቷል። እማዬ እዚያው እንደተቀመጠች አሸልባለች።

የምንኖረው ሆላንድ፣ ዩትሬክት ነው፤ ከአገሩ ለንደን በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እማዬ ግን አውሮፕላን «የመጣሁበት ይበቃኛል» ካለች ቆየች። ስለዚህ በባቡር ሮተርዳም፣ ከዚያ ባሕሩ ዳር ሁክ ፋን ሆላንድ፣ በመርከብ እንግሊዝ ወደብ ሃሪች፣ እንደገና በባቡር ለንደን። ወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል። ጠዋት ወጥተን ማታ እህቴ ቤት ዶሮ ሲወጠወጥ መድረስ ነበረብን።

ከመነሳታችን በፊት አንድ ጠብ ነበር። እማዬ በኮረሪማና በኮሰረት ያነጠረችውን ቅቤ በማሰሮ አሽጋ ሻንጣ ውስጥ ከታለች። እንግሊዝ ከሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በከብቶች የአፍተግር በሽታ ምክንያት ከአውሮፓ የሚመጣ መንገደኛ የከብትና የበግ ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ ይዞ እንዳይገባ ከልክላለች። ይህን ሳነብላት «የእኔ ቅቤ ምን በሽታ አለበት?» ብላ ተቆጣች። ቅቤው ቀረ። ድፎ ዳቦው ግን ተፈቀደልን። ኮባ የት ተገኝቶ፣ ከእስያውያን ሱቅ በተገዛ የሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ሌሊቱን ሲጋገር ያደረ፣ ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰበት፣ የመኪና ጎማ የሚያህል ዳቦ ነው።

ጥፋቱ የጀመረው ከእኔ ነው። ትልቁ ልጄ ጓደኛው ቤት አድሮ ነበር። «ባቡር ጣቢያ 4 ሰዓት እንገናኝ» ብዬ ጻፍኩለት። በሆላንድኛ ጽፌ ሰዓቱን በአማርኛ ቆጠርኩት። እኔ ከረፋዱ አራት ሰዓት ማለቴ ነው፤ እሱ የገባው የፈረንጁ አራት፣ ማለትም የእኛ አስር ሰዓት ነው። በአገራቸው ከሃያ ዓመት በላይ ኖሬ ይህን መሳቴ እስካሁን ያናድደኛል። አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ደወልኩ። ገና ከአልጋ አልተነሳም።

«ማማ፣ ገና ነው እኮ!» አለኝ።

እማዬ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። «ገናማ ነው! ለዚህ አይደል የምንሄደው!»

ልጁ ሲደርስ ስድስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ሮጠን ቆሞ ያገኘነው ባቡር ላይ ወጣን። ከተነሳን በኋላ ነው ትንሿ ልጄ ሰሌዳውን አንብባ «ይሄ እኮ ዴን ሃግ ነው የሚሄደው» ያለችው። ዴን ሃግ ማለት ያው ዘ ሄግ ነው። ጎውዳ፣ ማለትም ያ የአይቡ ከተማ፣ ላይ ዘለን ወረድን። ሻንጣ ቆጠርን፣ ልጅ ቆጠርን፣ እማዬን ቆጠርን። በሩ ተዘጋ። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ባለቤቴ ቀስ ብሎ «ዳቦውስ?» አለ።

ዳቦው ከላይ መደርደሪያው ላይ፣ በነጭ ነጠላ ተሸፍኖ፣ ብቻውን ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ወዳለበት ከተማ ሄደ። ልጄ «ይፈረድበት ይሆን?» ስትል ሳቅኩ፤ ቀጥሎ ግን እንባዬ መጣ። ሌሊቱን ሙሉ ምድጃው ሥር የተቀመጠችው እናቴ ናታ። እሷ ግን ነጠላዋን እያስተካከለች «የሚበላው ሰው አለው» ብላ ዝም አለች።

ጎውዳ ላይ የሐዲዱን መቀያየሪያ በረዶ ይዞት አንድ ሰዓት ቆምን። ከሮተርዳም ወደ ሁክ ድሮ ባቡር ነበር፤ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሜትሮ ሆኗል፤ በየጣቢያው ይቆማል፤ እኛም በየጣቢያው ሰዓት እናያለን። ስንደርስ ስምንት ሰዓት ነው። መርከቡ ስምንት ከሩብ ላይ ይነሳል። ቆሞ እናየዋለን፣ እንደ ሕንፃ ከፊታችን ተገትሯል፤ መሳፈሪያው ግን ተዘግቷል። ቀጣዩ ማታ አራት ሰዓት ነው። አዎ፣ ያው አራት ሰዓት። በዚያ ላይ በሌሊቱ ጉዞ መኝታ ክፍል መግዛት ግድ ነው።

ስምንት ሰዓት ሙሉ በዚያ ንፋስ! የተጨነቀው ግን እኛ ነን። እማዬ ድሬዳዋ ነው ያደገችው፤ ባቡር መጠበቅ ሙያዋ ነው። ቴርሞሷን ከፍታ ሻይ ቀዳችልንና ስለ ድሮው የለገሃር ባቡር ታወራ ጀመር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር፤ አዋሽ ላይ ወርዶ ምሳ መብላት፣ በመስኮት ብርቱካን መግዛት፣ ሞተሩ ሲበላሽ እዚያው በረሃ ላይ ማደር። «ሲቀና በቀን፣ ሳይቀና በነጋታው» አለች። «ማንም ግን 'ዘገየ' አይልም ነበር። 'ደረሰ' ነው የሚለው።»

አመሻሹ ላይ ልጆቹን ለማንቀሳቀስ ወጣ አልን። ከመርከብ ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ ሻንጣ የያዙ የነሐስ ልጆች ሐውልት አለ። እ.ኤ.አ. በ1938 እና በ1939 ከናዚዎች እንዲተርፉ ወደ እንግሊዝ የተላኩ፣ አብዛኞቹ አይሁዳውያን የሆኑ ሕፃናት መታሰቢያ ነው። በጠቅላላው 10,000 ገደማ ናቸው። ብዙዎቹ እኛ በሄድንበት መንገድ፣ በባቡር እስከ ሁክ፣ ከዚያ በመርከብ ሃሪች ገቡ። የመጀመሪያዎቹ 200 ገደማ ልጆች ሃሪች የደረሱት ዲሴምበር 2 ቀን 1938 ነው። ልጄ ይህን ለአያቷ በተሰባበረ አማርኛ አስረዳቻት። እማዬ የአንዱን ልጅ የነሐስ ሻንጣ ዳሰሰችና «እናቶቻቸውስ?» አለች። ልጄ እኔን አየችኝ። ብዙዎቹ ዳግመኛ እንዳልተያዩ በሆላንድኛ ነገርኳት። ለእማዬ ግን አልተረጎምኩላትም፤ የገባት መሰለኝ።

መርከቡ ላይ የደረሰን ክፍል መስኮት የለውም። አራት አልጋ፣ አንዲት ፍራሽ፣ የካቴድራል ያህል የሚጮህ ማራገቢያ። እማዬ ማኅሌቱ ስላመለጣት ቆማ መጸለይ ፈለገች። «ምሥራቅ በየት ነው?» ትልቁ ልጄ የስልኩን ኮምፓስ ከፈተ፤ ብረቱ መሃል መርፌው እንደ እንዝርት ይሽከረከራል። ዘጋውና ትንሽ አሰበ።

«እማማ፣ ወደ እንግሊዝ ስንሄድ ወደ ምዕራብ ነው። ስለዚህ ምሥራቅ ቤታችን ያለበት ነው፣ ከኋላችን።»

ከኋላችን የሽንት ቤቱ በር ነበር። እማዬ በሩን አየች፣ ልጁን አየች። ከሻንጣ አንዲት ነጭ ሻሽ አወጣች፣ እጀታው ላይ አንጠለጠለችበት፣ ቆመች። ጠዋት ሙሉ ለሰዓቱ ስጮህበት የነበረው ልጅ አጠገቧ ቆመ። ያን ልጅ እንደዚያ ቆሞ ካየሁት ስንት ዓመቴ! መርከቡ ሲያዘነብል ክርኗን ይዞ ያቃናታል። እኔ ላይኛው አልጋ ላይ ተኝቼ የተኛሁ መስዬ አየኋቸው።

አገር ቤት ያላችሁ፣ በዚህ ወሬዬ አትታዘቡኝ። መንገድ መዘጋት ለእናንተ የበረዶ ጉዳይ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለበዓል ወላጁን ሊጠይቅ አውቶቡስ ለመሳፈር ሳምንት የሚያስብ፣ አስቦም የሚቀር ሰው በእኔም ዘመዶች ውስጥ አለ። «እንኳን አደረሳችሁ» ስላችሁ ዘንድሮ ቃሉን ከአፌ ላይ ቀስ ብዬ ነው ያወጣሁት።

ሃሪች ስንወርድ ገና አልነጋም፤ ሰዓቱ ደግሞ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ተመልሷል። ሦስተኛ የሰዓት አቆጣጠር! ማኒንግትሪ ላይ ባቡር ቀየርን፣ ለንደን፣ ሊቨርፑል ስትሪት ጣቢያ ወረድን። እህቴ በሩን የከፈተችው ማማሰያ እንደያዘች ነው፤ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦትና በሽንኩርት ቀልቷል። «እንኳን አደረሳችሁ!»

«እንኳን አብሮ አደረሰን» አለች እማዬ፤ ጫማዋን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ገብታ ድስቱን ከፈተች። «ቅቤ አንሶታል።»

ረቡዕ ቢሆንም የገና ዕለት ነውና ፈሰክን። ዳቦ የለም፣ ማንም አላነሳውም፤ ሁላችንም ግን መሃል ጠረጴዛው ላይ ባዶውን ቦታ እናይ ነበር።

እናም የዛሬው የመጨረሻ ሰላምታዬ በዴን ሃጉ ባቡር ላይ በነጠላ የተሸፈነ ትልቅ ዳቦ ላገኙት ሰው ይሁን። ቅጠሉ አይበላም፣ ይላጡት። ላዩ ላይ ያለው ጥቁር ነገር ጉንዳን አይደለም፣ ጥቁር አዝሙድ ነው። ቢላዋ ካጡ በእጅ ይቁረሱት፣ ለጎረቤትም ይበቃል። እንኳን አደረሰዎ።