በ20 ያርድ ልክ ስቴት መምረጥ

ስቴት ለመቀየር የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሥራ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ነው። ትክክል ነው። አሜሪካ ውስጥ በባህላዊ ደጋን ለሚያድን ሰው ግን አንድ ጥያቄ ይጨመርበታል፤ ከቤቱ ተነስቶ በዓመት ስንት ጠዋት ጫካ ሊደርስ ይችላል? ደጋን ስል መንኮራኩር የሌለውን፣ ሎንግቦው የሚባለውን ረጅሙንና ሪከርቭ የሚባለውን ጫፉ ወደ ውጭ የታጠፈውን ማለቴ ነው። አገር ቤት ጥጥ ከሚነደፍበት ደጋን በቅርጽ ብዙም አይርቅም። በዚህ ጉዳይ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው ስለ ቀንድ ትልቅነት ስለሆነ፣ እኔ የማምንበትን ስሌት እዚህ ላስፍረው።

መነሻው ርቀት ነው። ኮምፓውንድ፣ ማለትም ባለ መንኮራኩሩን ደጋን፣ የያዘ ሰው 40 ያርድ ላይ በማነጣጠሪያ ይተኩሳል። ደጋን በባዶ ዓይን የሚስብ ሰው ግን፣ በደንብ የለመደም ቢሆን፣ ወሰኑ ከ15 እስከ 20 ያርድ፣ ማለትም ከ14 እስከ 18 ሜትር ነው። የራስን ልክ ለማወቅ አንድ የማምንበት ፈተና አለ። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የወረቀት ሳህን ኢላማው ላይ ይለጠፋል፤ የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ከዚያ ብዙም አይበልጥም። በየጠዋቱ ክንድ ሳይሟሟቅ አንድ ፍላጻ ብቻ ይተኮሳል፤ 10 ጠዋት። አሥሩም ሳህኑ ላይ ካረፉ ያ ርቀት የእርስዎ ነው። አንዱ ከሳተ ሁለት ያርድ ቀርቦ ከአንድ መጀመር ነው። ሃያ ጊዜ ተኩሶ ክንዱ የሞቀ ሰው ሃያ አንደኛውን ቢመታ ስለ አደን የሚነግረው ነገር የለም፤ አጋዘኑ የሚሰጠው የመጀመሪያዋን ፍላጻ ብቻ ነው።

ይህች ቁጥር ከታወቀች ግማሹ የአሜሪካ ካርታ በራሱ ይወድቃል። የዋዮሚንግ ሜዳ፣ የምሥራቅ ኮሎራዶ ሣር፣ እንስሳው ከ300 ያርድ የሚታይበት አገር ሁሉ ለደጋን ፈተና ነው። የሚፈለገው እንስሳው ሳያይ ቀርቦ የሚያልፍበት ጥቅጥቅ ያለ ጫካ፣ ተቆርጦ እንደገና የበቀለ ቁጥቋጦ፣ በመኸር ፍሬውን የሚያራግፍ የኦክ ዛፍ ያለበት ኮረብታ ነው።

ሁለተኛው የቀን ብዛት ነው። በደጋን አንድ አጋዘን ለማግኘት ብዙ ባዶ ጠዋት መቀመጥ ግድ ነው፤ እንስሳው 30 ያርድ ላይ ቆሞ ሲያልፍ እጅን ሰብስቦ ማየት አለ። የአደን ወቅቱ 18 ሳምንት ከሆነና ጫካው ከቤት አንድ ሰዓት ከራቀ፣ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው እንኳ በሳምንት ሁለት ጠዋት፣ በድምሩ 36 ጠዋት ያገኛል። ጫካው ሦስት ሰዓት ከራቀ በወር አንድ ቅዳሜ ቢያገኝ ነው፤ አራት ወይም አምስት ጠዋት። ታዋቂ በሆነ ቦታ ከሚገኙ አምስት ጠዋቶች ይልቅ ስሙ ባልተጠራ ኮረብታ 36 ጠዋት ይበልጥብኛል።

በዚህ ሚዛን ሐበሻ በብዛት ካለባቸው ከተሞች ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ቀድማ ትወጣለች። የቀስት ወቅቱ ከሴፕቴምበር የመጨረሻ ቅዳሜ ጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ የመጀመሪያ እሑድ ይዘልቃል። በደቡብ ምሥራቅ ያለው ዌይን ብሔራዊ ደን ከ240,000 ኤከር ይበልጣል፤ ከኮሎምበስ ደግሞ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ኮረብታው ገደላማ፣ ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ 15 ያርድ ላይ የሚያልፍ ዱካ ማግኘት አይከብድም። ግን ከስቴቱ መሬት አብዛኛው የግል ነው፤ በግል መሬት ለማደን ደግሞ የባለቤቱ ፈቃድ በጽሑፍ መሆን አለበት። በቃል ተፈቅዶልኛል ማለት ለጠባቂው አይሆንም። ቀንድ ያለው አጋዘን በዓመት አንድ ብቻ ነው። እንደ ጠመንጃ በቃታ የሚተኮሰው ክሮስቦውም በቀስት ወቅቱ ስለሚፈቀድ ጫካው ውስጥ ብቻዎን አይሆኑም፤ መኪና ማቆሚያው አጠገብ የሚሰፍረው ግን ብዙ ሰው ስለሆነ፣ ግማሽ ማይል ዳገት የወጣ ሰላም ያገኛል።

ኦሃዮ ላይ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር የደጋኑ ክብደት፣ ማለትም ለመሳብ የሚጠይቀው ጉልበት፣ ነው። ሕጉ ቢያንስ 40 ፓውንድ ይላል። ደጋኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር 28 ኢንች ሲሳብ ያለው ነው፤ ክንዱ አጠር ያለና 26 ኢንች ብቻ የሚስብ ሰው በየኢንቹ 2 ፓውንድ ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ያጣል። ስለዚህ 45 ተብሎ የተገዛው በእጁ 40 ወይም 41 ነው፤ 42 የተባለውማ ለእሱ ከሕግ በታች ነው። በእጅ ሚዛን መለካት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ኮሎራዶ 35፣ ሚኒሶታ 30 ፓውንድ ይበቃቸዋል፤ ለአጋዘን ግን ከ40 ባልወርድ እመርጣለሁ። የፍላጻው ክብደት ለእያንዳንዱ የደጋን ፓውንድ 10 ግሬን ቢሆን ጥሩ ነው፤ ለ45 ፓውንድ ደጋን 450 ግሬን፣ 29 ግራም ገደማ። ጫፉ የማይከፈት፣ ባለ ሁለት ስለት፣ የክንድ ፀጉር የሚላጭ ይሁን። ሲመታ የሚከፈተው ዓይነት ለመከፈት ጉልበት ይወስዳል፤ ደጋን ደግሞ ትርፍ ጉልበት የለውም።

ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያና ፌርፋክስ አካባቢ ለሚኖር ወገን ምክሬ የተለየ ነው፤ ከመነሳትዎ በፊት ያሉበትን ይመርምሩ። ፌርፋክስ ካውንቲ በራሱ ፓርኮች ውስጥ የአጋዘኑን ብዛት ለመቀነስ የቀስት አዳኞችን የሚያሰማራበት ፕሮግራም አለው። ለመግባት የአዳኝ ትምህርት፣ የተኩስ ፈተናና የወንጀል ነፃ ማጣሪያ ያስፈልጋል። ተኩሱ ከዛፍ መቀመጫ ላይ ወደ ታች ነው፤ ርቀቱም ለደጋን የተሰፋ ይመስላል። መቀመጫውን ስድስት ሜትር ላይ መስቀል ለደጋን ስሕተት ነው፤ ማዕዘኑ ሲሾል ፍላጻው አንዱን ሳንባ ብቻ ያገኛል። አራት ሜትር ይበቃል፤ ከመሬት እግር ከተነሳበት ጀምሮ ግን የደኅንነት ቀበቶው ይታሰር። ሲተኮስ ክንድን ዝቅ ማድረግ ሳይሆን ከወገብ መታጠፍ ነው፤ አለዚያ የሳቡት ልክ ያጥርና ፍላጻው ይዛባል። የከተማ አደን ትልቁ ችግር ከተመታ በኋላ ያለው ነው። በደንብ የተመታ አጋዘን እንኳ 100 ያርድ ሮጦ የጎረቤት ሣር ላይ ሊወድቅ ስለሚችል፣ የዙሪያውን ቤቶች ፈቃድ ወቅቱ ሳይገባ መያዝ ያስፈልጋል። በቨርጂኒያ ከ2022 ወዲህ እሑድ በሕዝብ መሬት ላይ ማደን ተፈቅዷል፤ ከአምልኮ ቤት ከ200 ያርድ በላይ መራቅ ግን ግዴታ ነው። ቅዳሜ ለሚሠራ ሰው፣ ከቅዳሴ በኋላ ያለችው የእሑድ ምሽት ትልቅ ነገር ናት።

ልቡ በኤልክ፣ በትልቁ የአጋዘን ዘር፣ የተያዘ ሰው ዴንቨርና ኦሮራ ነው ቦታው። ኮሎራዶ 280,000 ገደማ ኤልክ አላት፤ ከስቴቶች ሁሉ የሚበልጥ። መኖሪያን መቀየር ትርጉም የሚኖረውም እዚህ ነው። ከ2025 ጀምሮ ከኢንተርስቴት 25 በስተ ምዕራብ ያለውን የቀስት ኤልክ ፈቃድ የውጭ ስቴት ሰው በዕጣ ብቻ ነው የሚያገኘው፤ ነዋሪው ግን በብዙ ክልሎች አሁንም ከሱቅ ገዝቶ ይወጣል፤ ዋጋውም ከውጭ ሰው ከአሥር እጥፍ በላይ ያንሳል። ነዋሪ ለመባል ስድስት ተከታታይ ወር መኖር ያስፈልጋል። በማርች የደረሰ ሰው በሴፕቴምበር ያድናል፤ በሜይ የደረሰ ግን የዚያ ዓመት አመለጠው። አምስት ወር ከሃያ ቀን ሲሞላ ነዋሪ ነኝ ብሎ መፈረም ወንጀል ነው፤ አብዛኞቹ ስቴቶች ስለሚተዋወቁም አንዱ የነጠቀውን ፈቃድ ሌላው አይሰጥም።

ወቅቱ ከሴፕቴምበር 2 እስከ 30 ነው፤ በእኛ ከነሐሴ 27 እስከ መስከረም 20። ፍልሰታ ተፈትቷል፤ ዕንቁጣጣሽና መስቀል መካከሉ ላይ ይወድቃሉ። ኤልኩ በጠራራ ድምፅ የሚጮኸው በእነዚህ ሳምንታት ነው፤ ደጋን ለያዘ ሰው 20 ያርድ ድረስ በጥሪ የሚመጣበት ሌላ ጊዜ የለም። ከፍታው ከ2,700 እስከ 3,000 ሜትር ነው። ነፋሱ ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ሽቅብ፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ቁልቁል ይሄዳል፤ ስለዚህ ምሽት ላይ ከመንጋው በላይ የቆመ አዳኝ ጠረኑ ቀድሞት ይደርሳል። ፀሐይዋ ገና ሙቅ ስለሆነች ሥጋው በሰዓታት ውስጥ ካልቀዘቀዘ ከአጥንቱ ጥግ ይበላሻል። ኤልክ ወንዱ 300 ኪሎ ይሆናል፤ ታፋ፣ ወርች፣ ሽንጥና ዳቢቱ ተለይቶ ከአጥንት ሲጸዳ 90 ኪሎ ገደማ ሥጋ ይወጣዋል፤ በጀርባ ሦስት ወይም አራት ምልልስ። ከመንገድ አምስት ማይል ርቆ ብቻውን የሚመታ ሰው ሥጋውን ለብልሽት እየሰጠ ነው።

ዳላስ ሐበሻው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ቴክሳስ ከ95 በመቶ በላይ የግል መሬት ነው። በዓመት 48 ዶላር የሚከፈልበት የሕዝብ አደን ፈቃድ አለ፤ ከዚያ ውጪ ኪራይ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚታደነው የዱር አሳማ ለእኛ ማዕድ፣ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም አይሆንም። ሚኒያፖሊስ ደግሞ ወቅቱ ከሴፕቴምበር አጋማሽ እስከ ዲሴምበር 31 ነው፤ ነዋሪነት በ60 ቀን ይገኛል፤ ሰሜኑ በሕዝብ ደን የተሞላ ነው። ብርዱ ግን ደጋንን በቀጥታ ይነካል፤ ወፍራም ጃኬት የደጋኑን አውታር ይይዘዋል። የክንድ መከላከያው ከጃኬቱ በላይ መታሰር አለበት፤ ልምምዱም በዚያው ልብስ ይሁን። ሲያትል ዙሪያ ያለው ችግር ዝናብ ነው። ከደጋን ላይ የሚተኮስ ፍላጻ ላባው እውነተኛ መሆን አለበት፤ ከላስቲክ የተሠራው ላባ ደጋኑን ሲነካ ፍላጻውን ያጣምመዋል፤ እውነተኛው ላባ ደግሞ ሲርስ ይተኛል። ውኃ የሚከለክል ዱቄትና የፕላስቲክ ሽፋን አይለየው።

ጾሙን ከወቅቱ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል፤ ሥጋው የሚበላበት ቤት ከሌለ አደኑም ደስታ የለውም። በኦሃዮና በቨርጂኒያ አጋዘኑ ለመጠቃቃት የሚንቀሳቀስበት ምርጡ ጊዜ ከጥቅምት 26 እስከ ኅዳር 6 ያለው ነው። ጽጌን የሚጾም ሰው ኅዳር 5 ይፈታል፤ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። በመካከል ያሉት ዘጠኝ ቀናት ለማንም አይለቀቁ። የኦሃዮ የጠመንጃ ሳምንት ከታንክስጊቪንግ በኋላ ባለው ሰኞ ስለሚጀምር ጾሙ ውስጥ ነው፤ በዚያ ሳምንት ቀስተኛም ብርቱካናማ ይለብሳል። አጋዘን ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኳ ስለሆነ በኦሪቱም የተፈቀደ ነው፤ ሆኖም ተባርኮ ያልታረደ አይበላም የሚል ቤተሰብ ስላለ፣ የነፍስ አባትንና የቤት እመቤትን መጠየቅ ከፈቃድ ግዢው ይቅደም። ሙስሊሙ ፍላጻውን ሲለቅ ቢስሚላህ ይላል።

ጥሬ መብላት ግን አይሞከር። የአንጀት ጭማቂ ሥጋው ላይ ሊደርስ ይችላል፤ በተጨማሪም ሲ ደብሊው ዲ የሚባለው የአጋዘን የአንጎል በሽታ፣ በ1967 ኮሎራዶ ውስጥ መጀመሪያ የታየው፣ አሁን እዚህ በጠራኋቸው ስቴቶች ሁሉ ተገኝቷል። ምግብ ማብሰልም አያጠፋውም። የጉሮሮው ዕጢ ለምርመራ ይሰጥና ውጤቱ እስኪመጣ ሥጋው በማቀዝቀዣ ይቆይ። ከበሽታው ክልል ጭንቅላትና አከርካሪ ይዞ መውጣት ስለሚከለከል ብልቱ እዚያው ይወጣ። የአጋዘን ሞራ ምላስ ላይ እንደ ሰም ስለሚረጋ ሙልጭ ብሎ ይነሳ፤ የሚቀረው ቀይ ሥጋ ለቋንጣ የተፈጠረ ነው።

የቤት ኪራይ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ግን አንድ ጉዞ ያስፈልጋል፤ በማርች፣ በረዶው ሟሙቶ ቅጠሉ ሳይወጣ። ያኔ የክረምቱ ዱካ፣ ወንዱ ቀንዱን ያሸበት ግንድ፣ የተኛበት ጉድጓድ ሁሉ ራቁቱን ይታያል። ከሚከራዩት ቤት ደጃፍ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ተነስቶ መንዳት፣ ጫካው ጥግ ደርሶ ሰዓት ማየት፣ ከመኪናው እስከ መጀመሪያው የኦክ ዛፍ እርምጃ መቁጠር፣ ከዛፉ እስከ ዱካውም መለካት ነው። ከ20 ያርድ በታች የሆኑ ሦስት ዛፎች በአንድ ጠዋት ከተገኙ ቤቱን መከራየት ይቻላል።