የኦሪዮን ኔቡላን ሳነሳ የበላኝ ብሎን

ኔቡላዋ ኦሪዮን በሚባለው የኮከቦች ስብስብ ውስጥ ያለች የጋዝና የአቧራ ደመና ናት፤ ማግኘቷ አይከብድም። የኦሪዮን ቀበቶ የሚባሉትን 3 ኮከቦች ፈልጉ። ሰይፍ የሚባለው የኮከቦች ሰልፍ ከሥራቸው ነው፤ መሃሉ ላይ ጭጋግ የመሰለችው ነገር እሷ ናት። ከ1,300 የብርሃን ዓመት በላይ ርቃ፣ ዛሬም ኮከብ ይወለድባታል። ቴሌስኮፕ መትከሉን፣ ሞተሩን ከሰማይ ዋልታ ጋር ማስተካከሉን፣ ካሜራ መግጠሙን ከየትም ታነባላችሁ። አልደግመውም።

እኔን ጉድ የሠራኝ ፎከስ ነው።

እንደጨለመ የባህቲኖቭ ጭምብል ቴሌስኮፑ አፍ ላይ አደረግኩ። ሽንትር ሽንትር ያለ ክዳን ነው፤ ከደማቅ ኮከብ 3 የብርሃን ጨረሮች ያወጣል። መሃለኛው ልክ መሃል ሲቀመጥ ፎከሱ ገጠመ ማለት ነው። ገጠመልኝ። የቴሌስኮፑ መመሪያ «ፎከሱን የሚይዘውን ብሎን አጥብቁ፣ ከዚያ አትንኩ» ይላል። አጠበቅኩ። አልነካሁም። እንዴት ያለ ታዛዥ ነበርኩ!

ካሜራውን በኋላ ተደራርበው አንድ ፎቶ የሚሆኑ፣ እያንዳንዱ 90 ሰከንድ የሆነ 120 ፎቶ እንዲያነሳ አዘዝኩትና ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ተቀመጥኩ። ሦስት ሰዓት። በየመሃሉ የካሜራዋን ስክሪን አየሁ፤ ያምራል። እዚያች ስክሪን ላይ የማያምር ነገር የለም።

ጠዋት ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት። የመጀመሪያዎቹ ላይ ኮከቦቹ የመርፌ ጫፍ ናቸው። እየቆየ ኮከቦቹ ወፈሩ። መጨረሻ ላይ መሃሉ የተበሳ ቀለበት ሆነው አረፉት። መስታወቱ ተበላሽቷል ብዬ ለሻጩ ጻፍኩ። «መመሪያውን ያንብቡ» አለኝ። አንብቤ እኮ ነው እዚህ የደረስኩት!

ጥፋተኛው ብርዱ ነው። 1 ሜትር የአሉሚኒየም ቱቦ 10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ያጥራል። ለእናንተ ምንም ነው፤ ለፎከስ ግን ገደል ነው። ስለዚህ መመሪያውን እርሱት። መጀመሪያ ቴሌስኮፑ ውጭ ቆይቶ እንደ አየሩ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያም በየግማሽ ሰዓቱ ጭምብሉን መልሱ። ብሎኑንም ፍቱትና ፎከሱን እንደገና አስተካክሉ። 20 ደቂቃ ታባክናላችሁ። እኔ ሌሊት አባክኛለሁ።

ሌላም አለ፤ መሃሏ በጣም ደማቅ ስለሆነ በ90 ሰከንድ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል። ትራፔዚየም የሚባሉትን ወጣት ኮከቦች ማየት ከፈለጋችሁ የ5 ሰከንድ ፎቶዎች ለብቻ አንሱና በኋላ አዋህዱ። ይህንንም ያወቅኩት ጠዋት ነው።

ከ120ው የተረፉኝ 30 ናቸው። ሁሉም ቢተርፉ ኖሮ ፎቶው ላይ ያለው ሻካራ ነጠብጣብ በግማሽ ይቀንስ ነበር። አሜሪካዊው የሰማይ ተመራማሪ ሄንሪ ድሬፐር በ1880 እ.ኤ.አ. ይህችኑ ኔቡላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶ ሲያነሳ 51 ደቂቃ ብርሃን ሰብስቧል። እኔ ኮምፒውተርና ሞተር ይዤ የተረፈኝ 45 ደቂቃ ነው።