የበጋ ፀሐይ፣ የሎሚ ጠባሳ እና የእቴቴ እጅ

ባለፈው ጥር አንገቴን በሎሚ አቃጠልኩት። ዘይት ተፈናጥሮብኝ ቢሆን ለሰው ለማውራትም አይከብድም፤ በሎሚ ተቃጠልኩ ግን እንዴት ተብሎ ይወራል?

ነገሩ እንዲህ ነው። የጓደኛዬ ሰርግ ነበር፣ ጠዋት ተነስቼ ቲክቶክ ላይ እንዳየሁት አንድ ማንኪያ ማር በግማሽ ሎሚ በጥብጬ ፊቴ ላይ ለቀለቅኩት፣ ሩብ ሰዓት ቆየሁና ታጠብኩ። እውነት ለመናገር ፊቴ አበራ። ከዚያ ከ5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ሜዳ ላይ ፎቶ ስንነሳ ዋልን፤ ሚዜ ነኝ፣ ጥላ ፍለጋ መሄድ የለም። በማግስቱ አንገቴን ያሳክከኝ ጀመር። ሰኞ ማታ ውሃ ቋጠረ። እሱ ሲፈርጥ ከጆሮዬ ስር ተነስቶ እስከ ደረቴ የሚወርድ ቡናማ መስመር ቀረ፣ ልክ ጭማቂው የወረደበት መንገድ። ጫፉ ላይ የቀረችው ጠብታ እንኳን ክብ ሆና ታትማለች።

የቆዳ ሐኪሟ አየት አደረገችና "ሎሚ ነክተሽ ነበር?" አለችኝ። ጠንቋይ መሰለችኝ። ሎሚ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው ቆዳውን ያቃጥለዋል። አለርጂ አይደለም፣ ማንንም ሊያገኝ ይችላል። የሚወጣው ደግሞ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ስለሆነ ሰው ከሎሚው ጋር አያገናኘውም። ጤና አዳምም ያው ነው፤ ቡና ላይ ጣል ማድረግ ሌላ፣ ቅጠሉን ቆዳ ላይ አሽቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ሌላ።

መስመሩ እስኪጠፋ ሦስት ወር ፈጀ። ሦስት ወር ሙሉ ስካርፍ፣ በመጋቢት ሙቀት! ከዚያ ወዲህ "ተፈጥሯዊ ነው፣ ምንም አይልሽም" የሚለኝ ሰው ሲመጣ ሳማም ተፈጥሯዊ ነው እለዋለሁ።

የእኛ በጋ አታላይ ነው። ጥር ላይ ጠዋት ጃኬት ለብሰን እየተንቀጠቀጥን እንወጣለን፣ እኩለ ቀን ላይ አናታችን ይጤሳል፣ ነፋሱ ቀዝቀዝ ስለሚል ግን መቃጠላችን አይታወቀንም። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ፀሐይዋ ጭራሽ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ትቆማለች። በዚያ ሰሞን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ሜዳ ላይ ቁሙና ጥላችሁን ፈልጉት፣ እግራችሁ ስር ነው።

ማድያት ያለባችሁ ይሄን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ክረምቱን ሙሉ ስታደበዝዙት የከረማችሁትን በጋ በሁለት ሳምንት ይመልሰዋል። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ዋጋው ያማል፣ ግን የሚሠራው እሱ ነው፣ ያውም በደንብ ሲቀቡት እና ውጭ ከዋሉ በየሁለት ሰዓቱ ሲደግሙት። ዘይትም ቅቤም ፀሐይ አይከላከሉም። አቅም ካልፈቀደ ጃንጥላ አለ። እናቶቻችን በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ዘርግተው ሲሄዱ እንስቅባቸው ነበር፤ አሁን እኔም ቦርሳዬ ውስጥ አለች። ስም ሳይጻፍበት እየተቀላቀለ የሚሸጠውን "የሚያቀላ" ክሬም ግን በእናታችሁ ተዉት። ውስጡ ስቴሮይድ ያለበት ብዙ ነው፤ ቆዳ ያሳሳል፣ ሲያቆሙት ደግሞ ብሶ ይመጣል።

ወደ እቴቴ ልምጣ። እቴቴ የአባቴ እህት ናቸው። ለዓይን ሕክምና ከቆቦ መጥተው ሁለት ሳምንት እኔ ጋ ሰነበቱ። ገና በር ላይ እንደተሳሳምን "ወዝሽ የት ሄደ?" አሉኝ።

ወዝ ደስ የሚል ቃል ነው። ቆዳ የሚያወጣው ቅባትም ወዝ ነው፣ ሰው ሲለፋ የሚያፈሰው ላብም ወዝ ነው፤ ወዛደር የተባለውም ከዚሁ ነው። እኔ የቢሮ ወዛደር ነኝ። ላቤ ጠብ ሳይል ወዜ አለቀ።

የዚያኑ ዕለት ማታ ገላሽን ታጠቢ አሉኝ፣ ለብ ባለ ውሃ፣ "ዶሮ የሚነጭበት የፈላ ውሃ አይሁን" ብለው። ስወጣ ፎጣውን ከእጄ ቀሙኝ። ፈትጎ ማድረቅ የለም፣ ጠብ ጠብ ብቻ፤ ዘይቱ መቀባት ያለበት ቆዳው ሳይደርቅ ነው። ዝም ብሎ የድሮ ሰው ወግ መስሎኝ ነበር፣ ኋላ ሐኪሟን ስጠይቃት እሷም ያለችው ይሄንኑ ነው፤ ቅባት ያገኘውን ውሃ ይዞ ያቆያል እንጂ ራሱ ውሃ አይሆንም።

ሰሌን አነጠፉ። ሰሊጥ ዘይት በቡና ሲኒ ቀድተው ሲኒውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀመጡት። ከተረከዜ ጀመሩ። የእኔ ተረከዝ በጋ ሲገባ እንደ ዋልካ መሬት ነው የሚሰነጣጠቀው፣ ዘይቱ ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ቆጠቆጠኝ። አውራ ጣታቸውን ውስጥ እግሬ መሃል ላይ ተክለው ቀስ እያሉ ወደ ጣቶቼ ይገፉታል፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ሳብ ያደርጋሉ። ባቴን ወደ ላይ ብቻ ነው የሚያሹት፣ ወደ ታች አይመለሱም። ትከሻዬ ጋ ሲደርሱ ቀጥ አሉ።

"እዚህ ጋ ምን ደብቀሽ ነው?"

"ኮምፒውተር ነው፣ እቴቴ።"

"ታዲያ አውጪው" ብለው በክርናቸው ተደገፉበት። ጮህኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም። ስነቃ ነግቷል፣ ጋቢ ደርበውልኛል፣ ሰሌኑ ላይ ነኝ። እንቅልፍ ለማምጣት ያልሞከርኩት ነገር አልነበረም እኮ!

ማሳጅ ቤትም ሄጄ አውቃለሁ። ጎበዝ ባለሙያ ያለበት ቤት አለ፣ መብራቱ የደበዘዘና ሌላ ነገር የሚመስልም አለ፣ እሱን ገብታችሁ ታዩታላችሁ። እኔ ብር ሲኖረኝ ፍልውሃ ይሻለኛል። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ቁልቁል ወርደው የሰፈሩት በዚህ ውሃ የተነሳ ነው፤ ከተማችን ከገላ መታጠቢያ ነው የተነሳችው ማለት ይቻላል። ብቻ ሙቅ ውሃ ውስጥ ብዙ አትቆዩ፣ ወዝ ያጥባል። አንድ እግራችሁ ብቻ አብጦ ካመማችሁ ደግሞ እቴቴም ይሁኑ ወጌሻ እንዳያሹት፣ መጀመሪያ ሐኪም ቤት ነው፤ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል።

እቴቴ በዚህ አላበቁም። ቅዳሜ "ወይባ ካልሞቅሽ አልሄድም" አሉ። እሳቸው አገር መሬት ላይ ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ የወይባ እንጨት ይጨሳል፣ ሴቷ ገላዋን ተቀብታ፣ ጋቢ ወይ ብርድ ልብስ ተከናንባ ትቀመጥበታለች። እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው። ጉድጓድ ልቆፍር ብል የምወጣው 3ኛ ፎቅ ጎረቤቴ ሳሎን ነው። እና ሰፈራችን ያለ የውበት ሳሎን ወሰድኳቸው። ልጅቷ እንጨቱን ይዛ ስትመጣ እቴቴ ተቀበሏትና አሸተቱት፣ ልጣጩን በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉ፣ መልሰው ሰጧት። "ይሄ ወይባ ከሆነ እኔም ኮረዳ ነኝ" አሉ። ልጅቷ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ከጓዳ ሌላ አመጣች። ያኛው አለፈ።

ሞቅኩ። ላቤ በአገጬ ይንጠባጠባል፣ ጭንቅላቴ ውጭ ነው፣ በሩ ገርበብ ብሏል። በሩን አጥብቄ ነው የምነግራችሁ፤ ዝግ ቤት ውስጥ የከሰል ጭስ ስንት ሰው እንደወሰደ እናውቃለን። ሲያልቅ ቆዳዬ ብጫማ ሆነ፣ እጄን ሳሳርፍበት እንደ ሐር ያንሸራትታል። ጥበቃው ግን ሰኞ ጠዋት ቢሮ በር ላይ "እህት፣ ቤትሽ እሳት ተነስቶ ነበር እንዴ?" አለኝ።

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ። እሬት ወድጄዋለሁ፣ ፀሐይ ሲለበልበኝ ያቀዘቅዝልኛል፤ ቅጠሉን ቆርጣችሁ አቁሙትና ቢጫው ፈሳሽ መጀመሪያ ይውረድ። እሱ ያሳክካል። ልጅ ጡት ለማስጣል የሚቀባው መራራው እሱ ነው። የድሬዳዋ ጓደኛዬ ቀሲል ሰጥታኛለች፣ የቁርቁራ ቅጠል ዱቄት ነው፣ በውሃ ሲበጠበጥ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል፣ በሳምንት አንዴ ይበቃኛል። ቅቤ ለፀጉር እሺ፣ ፊቴ ላይ ግን ብጉር አፈላብኝ። አዲስ ነገር ስሞክር መጀመሪያ ክርኔ እጥፋት ላይ ጥቂት ቀብቼ ሁለት ቀን እጠብቃለሁ፣ ሎሚው አስተምሮኛል።

እቴቴ ከሄዱ ሁለት ወር ሆናቸው። እሁድ እሁድ ይደውላሉ፣ ከጤናዬ በፊት "ተረከዝሽስ?" ይላሉ። ደህና ነው እላለሁ፤ ሁልጊዜ እውነቴን አይደለም። ትናንት ማታ ግን ታሽቻለሁ፣ በራሴ እጅ፣ በዚያችው ሲኒ። ዛሬ ጠዋት ሳላጥባት ቡና ቀድቼባት ጠጣሁ። ሰሊጥ ሰሊጥ ይላል፣ ክፉ አይደለም።